የአሜሪካ ከተሞችና የእህቴ ስልጆ

አሜሪካን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ሆኖም ከከተሞቿ የትኛው ጥሩ ምግብ እንዳለው የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ሳላመነታ ደረጃ አወጣለት ነበር። አንደኛ ኒው ኦርሊንስ፣ ሁለተኛ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሦስተኛ ኒው ዮርክ። አራተኛውን ቦታ ቺካጎና ሂውስተን ሲቀማሙት ኖረዋል። ሎስ አንጀለስን አንዱ እንግዳ ሰማይ ሲሰቅላት ሌላው ከመሬት ስለሚደባልቃት፣ የት እንደማስቀምጣት ግራ ገብቶኝ በገጹ ጠርዝ ላይ ለብቻዋ ጽፌያት ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ላሊበላ ቁጭ ብዬ ነው። ደርግ ወድቆ መንገዱ ተከፈተ፣ ቆይቶም የአውሮፕላን ማረፊያው አስፋልት ለበሰ፣ እኔም እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ አስጎብኚ ሆንኩ። ጠዋት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን አሳያለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከእንግዶቼ ጋር ተቀምጬ ወሬያቸውን እሰማለሁ። ፈረንጅ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ሲወጣ ምሳ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚያወራ ይመስላችኋል? ስለ ምሳ ነው የሚያወራው። ፓስታው በዝቶ ከመብሰሉ ይጀምርና እነሱ ከተማ ፓስታ እንዴት እንደሚሠራ ይቀጥላል፤ ከዚያ የጎረቤት ከተማ ሰው ይቆጣል፣ ክርክሩም ይጦፋል። እኔ ደግሞ ሰማያዊ ደብተሬን አውጥቼ እጽፋለሁ።

ደብተሩ ሕግ ነበረው። የገዛ ከተማውን የሚያወድስ ሰው ምስክርነቱ አይያዝለትም። አንድ ከተማ ከፍ የሚለው የሌላ ከተማ ሰዎች፣ ያውም ሦስት ሆነው፣ ሲመሰክሩለት ብቻ ነው። ኒው ኦርሊንስ አንደኛ የወጣችው የቦስተንም የሲያትልም ሰው እየተቆጨ ስላመሰገናት ነው። ዱቄቱ በዘይት እንደ ቡና እስኪጠቁር እየተማሰለ የሚሠራው ሾርባዋ ስንት ደቂቃ እሳት ላይ እንደሚቆይ ሳይቀር በቃሌ አውቅ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ የቺካጎ ሰዎች አንድ ጊዜ ጫማ ስለሰጡት ለቺካጎ ነፍሱን ይሰጣል። «የእነሱ ፒዛ እንደ ድፎ ዳቦ ወፍራም ነው» ይለኛል።

«መወፈር ሙያ ነው እንዴ?» እለዋለሁ።

«አንተ ኒው ዮርክን የምታነሳት ስሟ ስለገነነ ነው እንጂ ምን ታውቃለህ!»

ሁለታችንም ፒዛ ቀምሰን አናውቅም። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈናል።

እንግዶቹ በዕውቀቴ ይደነቁ ነበር። «ከሂውስተን ነኝ» ያለኝን ሰው «አሃ፣ የቬትናሞቹ ሾርባ!» ስለው አፉን ከፍቶ ይቀራል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ እንዳይመስላችሁ። ጉራው ያኔ አለቀ፤ አሁን እጄ ላይ የቀረው ሐፍረቱ ነው።

ስለ ታላቅ እህቴ ልንገራችሁ። እናታችን በልጅነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የምትኖረውም ከላሊበላ ራቅ ባለች መንደር በገነተ ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። የእህቴ ስልጆ በአካባቢው የታወቀ ነበር። ስልጆ ለማያውቅ ሰው፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ማሰሮ ውስጥ ተከድኖ የሚቦካ የጾም ምግብ ነው። እህቴ ማሰሮውን ጨርሳ አታጥበውም ነበር። ከአሮጌው ትንሽ አስቀርታ በእሱ ላይ አዲሱን ትጨምራለች፤ እናታችንም እንደዚያ ታደርግ ነበር። ስለዚህ በዚያ ማሰሮ ውስጥ የእናታችን እጅ ሳይጠፋ ቆይቷል ማለት ነው። ሽታው ግን ኃይለኛ ነው። ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫን ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል።

ላሊበላ ለትምህርት በላከችኝ ጊዜ በየሳምንቱ ስንቄ ቂጣና በቅል የተሞላ ስልጆ ነበር። የከተማው ልጆች አፍንጫቸውን እየያዙ ሳቁብኝ። መጀመሪያ ተደብቄ በላሁ፤ በኋላ መብላቱንም ተውኩት። አንድ ቅዳሜ ቅሉን ሳይጎድል መለስኩላት። ከፈተችው፣ አየችው፣ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንቄ ቂጣና በርበሬ ሆነ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ስድሳ ዓመት ያለፋት አሜሪካዊት ነበረች፤ ሥራዋ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መብላትና የትኛው ከተማ እንደሚበልጥ መጻፍ ነው። እኔ ደብተር ላይ በወሬ የሠራሁትን ሥራ እሷ በጥርሷ ሠርታዋለች። ይህን ስሰማ የሆንኩትን አትጠይቁኝ፤ ጳጳስ ያገኘ ዲያቆን ሆንኩ። ደብተሬን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችው፤ ሳቀች፣ ፊላዴልፊያን አለቦታዋ ዝቅ እንዳደረግኋት ነገረችኝ፣ ስለ ሎስ አንጀለስ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ግን «ትክክለኛ ቦታዋ እሱ ነው» አለች።

ከዚያ ደብተሩን ዘጋችና «የእናንተስ? ላስታ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ምግብ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እዚህ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም» አልኳት። «አዲስ አበባ ስትመለሺ ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶች አሉ።»

ሴትዮዋ መልሱን አልወደደችውም። በየሄደችበት ምግብ ቤት ከመግባቷ በፊት ሰው ቤት እንደምትበላ ነገረችኝ። በዓል ቀን ሰው ቤቱ ውስጥ የሚበላውን ያልቀመሰ ሰው ስለዚያ ከተማ ባይጽፍ ይሻላል አለች። እኔም ክፉኛ ስለተጫነችኝ፣ ደግሞም እህቴ እንግዳ አምጣልኝ ብላ ስትወተውተኝ ስለከረመች፣ እሺ አልኩ።

የዚያ ዓመት ኅዳር ጽዮን፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ የእህቴ ተራ ነበር። በማርያም ማኅበር ሥርዓት ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ይደግሳል። ባሏ የማኅበሩ አባል ነበር፤ በሞተ ጊዜ «ቦታውን እኔ እይዛለሁ» ብላ ጽዋውን ስትቀበል ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ባይከለክሏትም አጉረምርመው ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት የሠላሳ ሰው ዝክር ብቻዋን እንዴት ትወጣዋለች? ካልቻለች የባሏ ቦታ ከማኅበሩ ይወጣል። እህቴም ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። ጠላውን ጠመቀች፣ ዳቦውን ደፋች፣ ስልጆውን ሁለት ሳምንት ቀድማ አቦካች። እኔን አስጠርታ «ከሩቅ የመጣ እንግዳ በማርያም ቀን እቤቴ ቢቀምስ በረከት ነው፤ እነሱም አፋቸውን ይይዛሉ» አለችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋን ይዤ ገባሁ። ቤቱ ሞልቷል። «ኖር!» ብለው ሁሉም ብድግ አሉ፤ «በእግዜር» አልኩ ለሁለታችንም። ከነፍስ አባታችን አጠገብ፣ ከክብር ቦታው ላይ አስቀመጧት። ነጭ ነጠላ ደርባ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዓይኗ ሁሉንም ነገር እየለቀመ ተቀመጠች። አባ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ምግቡ ቀረበ፤ እህቴ በመጨረሻ ማሰሮውን ራሷ ይዛ መጣችና ክዳኑን ከሴትዮዋ ፊት አነሳችው።

ሽታው ወጣ። ሴትዮዋ ወደፊት ጎንበስ ብላ በረጅሙ ሳበችው። አፍንጫዋ ሲነፋፋ አየሁ፤ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በዚያች ቅጽበት የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ሆንኩ። ጆሮዬ ጋለ። ሳን ፍራንሲስኮን፣ ኒው ዮርክን የበላች ሴት የእህቴን ማሰሮ አሽትታ ልትታመም ነው ብዬ አሰብኩ። ሊያሳፍረን የሚችለውን ነገር ሁሉ ቀድሜ ልዝጋ ብዬ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁና በእንግሊዝኛ፣ «መብላት አይጠበቅብሽም። የሃይማኖት ምግብ ነው፤ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው አይነካውም» አልኳት።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እንዲህ ያለ ሕግ በላስታም በሌላም አገር የለም። ዝክር እንዲያውም መንገደኛ ተጠርቶ የሚበላበት ነው። ሴትዮዋ ግን ዘርግታው የነበረውን እጇን ቶሎ ሰብስባ ደረቷ ላይ አደረገችው።

እህቴ ይህን አልሰማችም። በእንጀራ ጠቅልላ፣ ስልጆውን አጥቅሳ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ሠራችና፣ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለች ወደ ሴትዮዋ አፍ አቀረበች። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሸሸች። አፏን ገጠመች፣ ራሷን በአክብሮት ዝቅ አደረገች፣ መዳፏን አነሳች። ሕጋችንን ማክበሯ ነበር። ቤቱ ግን ያየው ሌላ ነው። ጫጫታው ቀጥ አለ። የእህቴ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው? ምን አደረግኋት?» አለችኝ እህቴ።

«ሆዷን አሟት ነው፣ እትዬ።»

አባ ዳቦውን ቆርሰው ብድግ አደረጉ። «እንግዲያው ጸበል ጸዲቁን እንኳ ቅመሽ በላት። የማርያም ነው፤ ፈውስ ነው እንጂ አይጎዳትም።»

«ሐኪም ከልክሏታል፣ አባ» አልኩ። ውሸት አንዴ ከገባ ተቀምጦ ያዛል። አባ ዳቦውን ቀስ ብለው መሶቡ ላይ መለሱት። ከጀርባዬ አንድ ድምፅ «ከርፍቷት ነው» አለ፤ ሌላው «እስስ» አለው።

የተሠራ ጉርሻ ወደ ገበታ አይመለስም። እህቴም ቀስ ብላ ዞረችና እኔን አጎረሰችኝ። ዋጥኩት። ሰናፍጩ ከዓይኔ እንባ አወጣ፤ ደግነቱ ሰናፍጭ ሁሉንም ሰው ያስለቅሳል። ስልጆው በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ይህን ለማወቅ ደብተር አላስፈለገኝም።

መኪናው ወደ ላሊበላ ሲመለስ ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ኋላ ገነተ ማርያምን ስታይ ቆየች። ከዚያ ዞራ፣ «ያ ማሰሮ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?» አለችኝ። «እንዲህ ዓይነት ሽታ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰናፍጭ አለበት፣ የቦካ ባቄላ አለበት፣ ከዚያ ሌላ የማላውቀው ነገር አለበት። አንድ ማንኪያ ለመቅመስ ምን ባደረግሁ! ግን ሕጋችሁን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ሳላውቅ አጥፍቼ ቢሆን ራሴን ይቅር አልልም ነበር።»

ብዕሯን አውጥታ አሠራሩን እንድነግራት ለመነችኝ። ከባቄላ ዱቄት በኋላ ምን እንደሚከተል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሰናፍጩ መቼ እንደሚገባ ጠየቀችኝ። አላውቅም። የኒው ኦርሊንስን ሾርባ ደቂቃ ሳይቀር የማውቀው ሰውዬ እንጀራ ሆኖ ያሳደገኝን ምግብ አሠራር አላውቅም ነበር። «የሴቶች ሙያ ነው» ብዬ አለፍኩት።

መኪናውን ማስመለስ እችል ነበር። ገና ብዙ አልራቅንም፤ ሾፌሩን «ወደ ኋላ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን መመለስ ማለት ለሁለቱም መዋሸቴን በሁለት ቋንቋ መናገር ነው። አንድ ዳገት፣ ደግሞም አንድ ቁልቁለት፣ «እዚያ ከደረስን እናገራለሁ» እያልኩ ላሊበላ ገባን። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ማኅበሩ ለእህቴ ቦታውን አልነሳትም፤ ሌሎቹ እንግዶች ጠግበው ጠጥተው መርቀዋት ወጥተዋል። ግን ተራዋ ዳግም ሲደርስ ሄጄ አየሁ፤ ስልጆ አልነበረም። ምስር ወጥ አድርጋለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰዎች «ስልጆሽስ?» ሲሏት «ሱፉ ተወደደ» ትላቸዋለች።

ሴትዮዋ በሄደች በዓመቱ ገደማ በሆቴሉ በኩል አንድ ፖስታ መጣልኝ። ሴትዮዋ የአሜሪካን ከተሞች ያወዳደረችበትን ጽሑፍ ቆርጣ ልካልኛለች። ፊላዴልፊያ ካስቀመጥኳት ሦስት ደረጃ ከፍ ብላለች። መጨረሻው ላይ ግን ከአሜሪካ ወጥታ ወደ ላስታ ተራሮች ትመጣለች። በሕይወቷ የምትቆጭበት አንድ ገበታ እንዳለ፣ እሱም ያልበላችበት እንደሆነ፣ በዚያ አገር ባዕድ ሊነካው የማይፈቀድ የተቀደሰ ምግብ እንዳለ ትጽፋለች። ውሸቴ በጥሩ ወረቀት ላይ ታትሞ መጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ደብቄው እኖር ነበር። አንድ የበጋ ቀን ያ የቺካጎ ጠበቃ የሆነው ባልደረባዬ እየተሳደበ መጣ። ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት አንዲት እናት ቤት ወስዷቸው ጉርሻ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቢ አሉ፤ «የእናንተን ሕግ እናውቃለን» አሉት፤ እናትየዋም አለቀሰች። «እስቲ ይህን ማን ነገራቸው? የትኛው ከንቱ ነው?» እያለ ፊቴ ላይ ይጮሃል። እኔ ከንቱው «እንጃ» አልኩ።

በማግስቱ አባ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጥተው የሚሸኙኝ መስሎኝ ነበር። «የበደልከው እኔን ነው?» አሉኝ። «ሂድና ለእሷ ንገራት። ከዚያ በኋላ ና።»

ገነተ ማርያም ስደርስ እህቴ ደጇ ላይ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፦ ለሴትዮዋ ያልኳትን፣ ለእሷ ያልኳትን፣ በመኪና ውስጥ ሴትዮዋ ያለችውን። እህቴ መልቀሟን አላቆመችም። ስጨርስ፣ «አንድ ማንኪያ አለች?» አለችኝ።

«አንድ ማንኪያ ለመቅመስ ምን ባደረግሁ አለች።»

«እሰይ» አለች፤ ፊቷ ፈካ አለ። ያ ፈገግታ ከስድብ ሁሉ ባሰብኝ።

«እትዬ፣ ከርፍቷት መስሎሽ ነው ስልጆውን የተውሽው። በእኔ ውሸት ነው።»

እጇን ከሰፌዱ አነሳች። «ወንድምዓለም፣ እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም። ሴትዮዋ ጎንበስ ስትል ግን አየኋት፤ የራበው ሰው ዓይን ነበራት። ቀጥዬ አንተን አየሁህ። ቅሉን ሳይጎድል የመለስክልኝ ቀን የነበረህ ፊት ነው።»

«አውቀሽ ነበር? ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«እንግዳ ይዘህ ስትመጣ እንዳታፍር ነዋ» አለች፤ ይህም መጠየቅ ያለበት ነገር ነው ወይ እንደማለት።

እንደ ሕፃን ልጅ ጉልበቷን ይዤ አሁኑኑ እንድትሠራው ለመንኳት፤ ሱፉንም ባቄላውንም እኔ አመጣለሁ፣ አጠገብሽ ቆሜ እማራለሁ አልኳት።

«በምን እርሾ?» አለችኝ።

ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ። ማሰሮው የድሮ ቦታው ላይ ነበር። ክዳኑን ሳነሳው አፍንጫዬን የያዘኝ ነገር የለም፤ ታጥቦ ደርቆ ጨው ተቀምጦበታል። ወጥቼ ከእህቴ ጎን ተቀመጥኩና ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።